የእጥበት ክንድ ሲታመም፦ በጎንደር ታካሚዎችና አስታማሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ማሽን ብቻ አይበቃውም። ደሙ ወደ ማሽኑ የሚወጣበትና የሚመለስበት መንገድም ጤነኛ መሆን አለበት። ይህ መንገድ ሲዘጋ፣ ሲያብጥ፣ ሲመረቅዝ ወይም ሲደማ ብዙ ጊዜ የሚታደገው የቀዶ ሐኪም እጅ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ጎንደር ከተማ የሚኖሩም ሆኑ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከማክሰኚት፣ ከአይከልና ከመተማ እየተመላለሱ የሚታጠቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። ብዙዎቹ መልሶች ወደ አንድ ጉዳይ ይመለሳሉ፦ ክንድን በየቀኑ መዳሰስ፣ ለውጥ ሲኖርም ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መምጣት። በጊዜ የመጣ ችግር በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ዘግይቶ የመጣው ግን ክንዱን ያሳጣል።

የአንገቱ ካቴተር እየሠራልኝ ለምን ክንዴ ላይ ፊስቱላ ይሠራል?

የእጥበት ፊስቱላ ከወሊድ ፊስቱላ ጋር ግንኙነት የለውም። የእጥበት ፊስቱላ የሚባለው የክንድ ደም ቅዳ አጠገቡ ካለ ደም መልስ ጋር በቀዶ ሕክምና ተሰፍቶ ሲገናኝ ነው። ከልብ በኃይል የሚመጣው ደም በቀጥታ ወደ ደም መልሱ ሲገባ ሥሩ እየሰፋና ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በወፍራም መርፌ ቢወጋም ይችላል። ዘዴውን በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ኒውዮርክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ብሬሺያ፣ ሲሚኖ፣ አፔልና ሐርዊች ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ለአብዛኛው ታካሚ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

ካቴተሩ፣ ማለትም በአንገት በኩል ወደ ትልቅ ደም መልስ የሚገባው ቱቦ፣ ግን ባዕድ ነገር ነው። አንዱ ጫፉ ከቆዳ ውጭ፣ ሌላው ልብ አጠገብ ስለሆነ ጀርም በእሱ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። በቆየ ቁጥር ደግሞ የደረትን ትልልቅ ደም መልሶች ያጠብባል፤ ይህ ጉዳት ወደፊት በዚያው ወገን የሚሠራውን ፊስቱላ ጭምር ያበላሻል። የራሳቸው ደም መልስ ቀጭን ለሆነባቸው ሰዎች ግራፍት የሚባል፣ ከቴፍሎን ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ግራፍት በአብዛኛው በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ይወጋል፤ ግን ከፊስቱላ ይልቅ ቶሎ ይዘጋል፣ ኢንፌክሽንም ቶሎ ያገኘዋል።

ፊስቱላው ከተሠራልኝ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ነርሶቹ ግን አሁንም «አልደረሰም» ይላሉ። እንዲሁ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ሐኪሞች በስድስት ቁጥር የሚያስታውሱት መለኪያ አለ፦ በ6 ሳምንት አካባቢ ሥሩ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት፣ ከቆዳ በታች ያለው ጥልቀት ከ6 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ማሳለፍ አለበት። የአንዳንዱ ሰው ሥር ዘግየት ይላል፤ ሆኖም በ6 ሳምንት የመድረስ ምልክት ያላሳየ ፊስቱላ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ መታየት ይገባዋል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ስፌቱ አጠገብ ጥበት ከተፈጠረ ቀዶ ሐኪሙ ትንሽ ከፍ ብሎ አዲስ ስፌት ይሠራል፤ መሣሪያው ባለበት ቦታ ደግሞ የጠበበው ሥር ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንዲሰፋ ይደረጋል። ደሙ ወደ ጎን በሚሄዱ ቅርንጫፍ ሥሮች የሚባክን ከሆነ እነሱ ይታሰራሉ። ሥሩ ደህና ሆኖ ከሥብ በታች ከጠለቀ ደግሞ ወደ ቆዳው ቀረብ ተደርጎ ይቀመጣል። ከክርን በላይ በውስጥ በኩል በሚገኘው ሥር የተሠራ ፊስቱላ ይህን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ድጋሚ ትቀደዳለህ» ሲባሉ የመጀመሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም።

ጠዋት ስነካው ንዝረቱ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ይምጡ። ከዚህ ገጽ ሁሉ ይህ መልስ እንዲነበብ እፈልጋለሁ።

ጤነኛ ፊስቱላ ላይ ጣት ሲያርፍ የተኛች ድመት ላይ እጅ እንደማኖር ያለ የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማል። ጆሮ ሲጠጉት ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ አለው። ንዝረቱ ጠፍቶ ሥሩ እንደ ገመድ ከጠነከረ ውስጡ ደም ረግቷል ማለት ነው። የረጋ ደም በቆየ ቁጥር ግድግዳው ላይ እየተጣበቀ ሥሩን ያቃጥለዋል። በመጀመሪያው ቀን የመጣ ሰው ፊስቱላውን የማዳን ጥሩ ዕድል አለው። ከሁለት ቀን በኋላ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ከዚያም በኋላ ይድናል፣ ግን በዚህ ተማምኖ መቆየት አይገባም። «የሚቀጥለው እጥበቴ ማክሰኞ ነው፣ ያኔ ያዩታል» ብለው ቤት የተቀመጡ ሰዎች ሊድን የሚችል ክንድ አጥተዋል።

ቀዶ ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ሥሩን በትንሹ ይከፍትና ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ቱቦው የረጋውን ደም አልፎ ከሄደ በኋላ ፊኛው ይነፋና ወደ ኋላ ሲሳብ ደሙን ይዞ ይወጣል። መሣሪያው በፈለሰፈው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ስም ፎጋርቲ ይባላል፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ዋናው ሥራ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ደም ያለ ምክንያት አይረጋም፤ በአብዛኛው ከበስተጀርባው ጥበት አለ። ጥበቱ ካልተፈታ የጸዳው ፊስቱላ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ የጠበበው ቦታ በራስ ደም ሥር ቁራጭ ይጣፋል፣ ወይም ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛው ክፍል ከፍ ብሎ በክር ይሰፋል፣ ወይም ጥበቱ በፊኛ እንዲሰፋ ይደረጋል። «ደሙን አወጡልኝ» የሚል ታካሚ «ጥበቱስ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ጥበት የሌለባቸው ምክንያቶችም አሉ፦ በእጥበት ወቅት የደም ግፊት ክፉኛ መውረድ፣ ተቅማጥ፣ በክንዱ ላይ መተኛት፣ የጠበበ እጅጌ ወይም አምባር፣ መርፌው ከወጣ በኋላ ፋሻን አጥብቆ ማሰር።

እስኪደርሱ ድረስ የማይደረገውን ልናገር። ክንዱን አያሹት፤ ወጌሻ ዘንድም አይውሰዱት። ወጌሻ ለወለምታ የሚታመን ሰው ሊሆን ይችላል፤ የረጋ ደም በመታሸት ተፈንቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። ሙቅ ጨርቅም አይጠቅምም። እጥበቱ ሊዘገይ ስለሚችል ፖታሲየም የሚበዛባቸውን ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲምና ድንች ይተው፣ ውሃም ይቀንሱ። የሰውነት ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማዎ ፖታሲየምዎ ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ለተቀበለዎ ሐኪም ከፊስቱላው በፊት ይህን ይንገሩ።

የአባቴ ክንድ ላይ ትልቅ እብጠት ወጥቷል። ይፈነዳል?

እብጠት ሁሉ አይፈነዳም። መርፌ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲወጋ ግድግዳው እየሳሳ ይወጠራል፤ አኑሪዝም የሚባለው ይህ ነው። በላዩ ያለው ቆዳ ወፍራምና ደህና ከሆነ፣ እብጠቱም ካላደገ፣ መርፌውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል።

ቆዳው ከሳሳና ካብለጨለጨ፣ መርፌ የተወጋበት ቁስል ካልደረቀ ወይም ቅርፊት ይዞ ከተቀመጠ፣ እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ካደገ፣ ወይም አንድ ጊዜም ቢሆን ራሱ ደምቶ ከቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ ደምቶ የቆመ ቁስል የትልቁ መድማት ቀዳሚ ምልክት ነው። አባትዎ «ቆሟል፣ ደህና ነኝ» ቢሉም በዚያው ሌሊት ይዘዋቸው ይምጡ።

ሌላም ቀላል ምርመራ አለ። አባትዎ ክንዳቸውን ከልባቸው በላይ ሲያነሱ ሥሩ ጋብ ማለት ይገባዋል። እንደተወጠረ ከቀረ ወደ ትከሻ በኩል ጥበት አለ፤ እብጠቱን የሚያሳድገውም ያ ግፊት ነው። በቀዶ ሕክምና የተወጠረው ግድግዳ ተቀንሶ ሥሩ ወደ ልኩ ይሰፋል፣ ወይም የተበላሸው ክፍል ወጥቶ በሌላ ሥር ወይም በግራፍት ይተካል። ቆዳው ከሞተ እሱም አብሮ ይወጣል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያገኘና ኩላሊቱ በደንብ የሚሠራለት ሰው ከሆነ ፊስቱላውን አስሮ መዝጋትም አንድ አማራጭ ነው።

ቤት ውስጥ ደም መፍሰስ ቢጀምርስ?

ይህን ለቤት ሰው ሁሉ፣ ለልጆችም ጭምር ያስተምሩ። የሚደማው ነጥብ ላይ በጣት፣ ከተቻለ በንጹሕ ጓዝ፣ በቀጥታ አጥብቀው ይጫኑ። ክንዱን ከፍ ያድርጉ፣ ታካሚውን ያስተኙ። ፎጣና ነጠላ መደራረብ ደሙን ይመጥጣል እንጂ አያቆመውም፤ ውስጥ ውስጡን መፍሰሱ ይቀጥላል። ጣት ብቻ ካልያዘው የውሃ ጠርሙስ ክዳን ክፍት ጎኑ ወደ ቆዳው ሆኖ የሚደማው ቀዳዳ ላይ ሲጫን ይረዳል። «ቆመ ወይ?» ብሎ በየደቂቃው ማንሳት የለም። እየተጫነ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ የተገኘው ይነሳ።

ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አይነስነስ። በየቤታችን የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የፊስቱላ ደም ከልብ በሚመጣ ግፊት የሚወጣ ስለሆነ ቡና አያቆመውም፣ ቆሻሻ ብቻ ያስገባበታል። ቡና ለመነስነስ የሚጫነው ጣት በተነሣበት ደቂቃ ውስጥም ብዙ ደም ይፈስሳል።

ፊስቱላው ቀልቷል፣ ያቃጥለኛል። አንቲባዮቲክ ብወስድ ይበቃል?

እንደ ዓይነቱ ነው። የራስ ሥር ፊስቱላ ኢንፌክሽን ሲይዘው አብዛኛው በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ግን ረጅም ነው፣ እስከ 6 ሳምንት ይዘልቃል። መግል ከቋጠረ ይከፈታል፤ ግድግዳው ተበልቶ ከደማ ሥሩ ይታሰራል። ግራፍት ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። ጀርም ፕላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም፤ ስለዚህ የተመረዘው ክፍል፣ አንዳንዴም ቱቦው በሙሉ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ ኪኒን መጀመር የደም ናሙናው ላይ ጀርሙ እንዳይታይ ያደርጋል። መጀመሪያ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙ በላቦራቶሪ አድጎ እንዲለይ፣ ይወሰድ።

ካቴተር ያለው ሰው ማሽን ላይ እንደወጣ ካንቀጠቀጠውና ካተኮሰው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ምንጩ ካቴተሩ ነው ተብሎ ይታሰባል። ያኔ ብዙ ጊዜ ይነቀላል ወይም ይቀየራል።

ካቴተር እያለኝ ፀበል መጠመቅ እችላለሁ? ጥምቀትስ?

ጎንደር ተወልዶ ይህን የማይጠይቅ የለም። ጥያቄው የእምነት ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። ካቴተሩ ከቆዳ የሚወጣበት ቦታ ፈጽሞ መርጠብ የለበትም፤ ከወንዝ፣ ከምንጭ፣ ከገንዳ፣ ከማንኛውም ውሃ። ስለዚህ ካቴተር ያለው ሰው ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ መግባት የለበትም፤ ሰው ሲረጭም ደረቱን በሚገባ ይሸፍን። አባቶችን አስፈቅዶ እግርና እጅን ብቻ መጠመቅ ይቻላል። ፊስቱላ ብቻ ያለው ሰው የመርፌ ቀዳዳዎቹ በደንብ እስኪዘጉ፣ ቢያንስ በታጠበበት ቀን፣ ይታገስ።

ፀበል መጠጣትም በውሃ ልክዎ ውስጥ ይቆጠራል። በአንድ ጠዋት በሊትር የሚቆጠር ፀበል የጠጣ የእጥበት ታካሚ ሳንባው በውሃ ሊሞላ ይችላል።

ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፣ ማሽን ላይ ስወጣ ደግሞ ያመኛል። ብርዱ ነው?

በክረምት የሁለቱም እጅ ጣቶች ቢቀዘቅዙ ብርድ ሊሆን ይችላል። የፊስቱላው ወገን ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ግን ፊስቱላው ወደ መዳፍ መውረድ የነበረበትን ደም እየሳበ ነው። ስኳር ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና ፊስቱላቸው ክርን ላይ የተሠራ ሰዎች ይበልጥ ይገጥማቸዋል።

ቅዝቃዜ ብቻ ከሆነ ጓንት አድርጎ መከታተል ይበቃል። ሕመሙ በእጥበት ጊዜ እየባሰ ከሄደ ሐኪሙ ይወቀው። ቁጭ ብለውም የሚያምዎ ከሆነ ወይም ጣት ላይ ቁስል ከወጣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ፊስቱላውን በልኩ አጥብቦ የሚሳበውን ደም መቀነስ ነው። ሌላው የደሙን መነሻ ወደ ክንድ ላይኛ ክፍል ማዛወር ነው። ከእግር የተወሰደ ደም መልስ እንደ ድልድይ ተሰፍቶ ለመዳፍ የራሱን ደም የሚያመጣበት ሥራም አለ፤ ይህ ፊስቱላውንም እጁንም ያተርፋል፣ ግን ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል። ሁሉም ካልሆነ ፊስቱላው ይዘጋል። እጅ ከፊስቱላ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፊስቱላው በተሠራ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ሕመም መጥቶ ጣት ማንቀሳቀስ ካቃተዎ፣ መዳፉ ሞቅ ያለ ቢሆንም እንኳ፣ ነርቮቹ ደም አጥተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ክንዴ እስከ ትከሻ አበጠ፣ ደረቴ ላይም ሥሮች ታዩ። ፊስቱላው ተበላሽቶ ነው?

ፊስቱላው ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ደሙ ወደ ልብ የሚመለስበት የደረት ሥር ጠብቦ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠብበው ቀድሞ የገባ ካቴተር ነው፤ በተለይ ከአንገት ወደ ትከሻ ከሚዘረጋው አጥንት በታች ባለው ደም መልስ የገባ። ካቴተር የግድ ከሆነ የሚመረጠው የቀኝ አንገት ሥር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገባበትን ቦታ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሕክምናው በአብዛኛው የጠበበውን ሥር ከውስጥ በፊኛ ማስፋት ነው፤ ካልተቻለና እብጠቱ ከበዛ ፊስቱላውን አስሮ በሌላ ወገን መሥራት ይመጣል።

ፊስቱላ ልብን ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

አልፎ አልፎ። በደቂቃ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር በላይ የሚያሳልፍ ፊስቱላ፣ ልቡ ቀድሞ ለደከመ ሰው ትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ይጠብባል ወይም ይዘጋል።

ቀዶ ሕክምናው ያማል? ሙሉ ማደንዘዣ ነው?

አብዛኛው ቦታውን ወይም ክንዱን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፤ ሰውየው ነቅቶ ያወራል። ረጅም ሥራ ወይም የተመረዘ ግራፍት ማውጣት ሲሆን ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ ጎንደር ላይ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?

መጀመሪያ ወደሚታጠቡበት ክፍል ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሚደማን ሥር ማሰር፣ መግል ማውጣት፣ ሕይወትን ማትረፍ የማንኛውም አጠቃላይ ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ በደም መፍሰስ ላይ እያሉ ወደ ሌላ ከተማ መነሳት አይታሰብም። ፊስቱላን የማዳንና እንደገና የመሥራት ሥራ ግን የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። በአገራችን እነዚህ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ይህ ለጎንደር ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የአልጋ ኪራይና የአስታማሚ ወጪ ነው። ሸክሙን ታካሚው ብቻውን መሸከሙ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ በየክልሉ ይህን ሥራ የሚችሉ እጆች መሠልጠን አለባቸው።

ሪፈር ከተጻፈልዎ ሳይነሱ በፊት የሚሄዱበት ከተማ የእጥበት ተራ መያዙን ያረጋግጡ፤ ቀዶ ሕክምናው ተቀጥሮ የሚታጠቡበት አጥቶ የሚንከራተት ሰው አለ። የሚይዙት ወረቀት የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ ካቴተር የገቡባቸው ቦታዎች ዝርዝር፣ የዶፕለር ውጤት፣ የቅርብ ጊዜ ፖታሲየምና ሄሞግሎቢን፣ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ ደረቅ ክብደትዎ (ትርፍ ውሃ ከወጣ በኋላ ያለዎት ክብደት) እና የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ይወስን።

ገና እጥበት አልጀመርኩም፤ ኩላሊቴ ግን እየደከመ ነው ተብያለሁ። ከአሁኑ የማደርገው አለ?

አለ፣ ትልቅ ነገር ነው። የማይሠሩበትን ክንድ ይጠብቁ፤ ቀኝ ለሚሠራ ሰው ግራውን ማለት ነው። ደም ሲቀዳና ግሉኮስ ሲሰካ መዳፍ ጀርባ ላይ እንዲሆን ይጠይቁ። የክንድ ሥር ለአንድ ሌሊት ግሉኮስ ተሰክቶበት ሲጠነክር በኋላ ለፊስቱላ የሚሆን ይጠፋል። የፊስቱላ ክንድ ላይ ደም ግፊት አይለካም፣ ጀሪካን አይንጠለጠልበትም፣ የሕፃን ራስ ለረጅም ጊዜ አያርፍበትም። ጥጥ መፍተል፣ ሽመናና ቀላል የእርሻ ሥራ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ይቻላል፤ ኳስ መጭመቅ እንዲያውም ይመከራል።

ከተጠገነ በኋላ መቼ ይወጋል?

የረጋ ደም ብቻ የወጣለት ፊስቱላ፣ ከስፌቱ ራቅ ተደርጎ፣ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው እጥበት ይወጋል። አዲስ የተጨመረ የራስ ሥር ሳምንታት ይፈልጋል፤ አዲስ ግራፍት ከ2 እስከ 3 ሳምንት። የት እንደሚወጋና የት እንደማይወጋ ቀዶ ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ያንን ወረቀት ለሚታጠቡበት ክፍል ሲስተር ይስጡ፤ ግልባጩን ደግሞ ቤት ያስቀምጡ።